«አቲላ» በሣልሱ ቲ

ልጄ ለልጇ ያሰበችውን ስም በስልክ የነገረችኝ ሲልቨር ስፕሪንግ በምኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ሳለሁ ነው። ማድረቂያው ይጮሃል። ደግሚልኝ አልኳት።

«አቲላ» አለች።

«ምን?»

«አቲላ፣ ማሚ። ወንድ ነው ብዬሽ የለ? አቲላ እንለዋለን።»

«አተላ?» አልኩ፤ ጆሮዬን ማመን አቅቶኝ።

«የስ!» አለች። ደስ ብሏታል። «ጎበዝ፣ ቶሎ ያዝሽው።»

አተላ ምን እንደሆነ ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ መንገር አይኖርብኝም። ልጄ ግን አታውቅም። አማርኛዋ ከእኔና ከቤተ ክርስቲያኑ የቅዳሜ ትምህርት ቤት የተለቀመ ነው፤ በሁለታችንም ዘንድ ስለ ጠላ ወሬ የለም። «ተ»ንና «ቲ»ን ጽፈሽ አሳዪኝ ብትባል ለይታ ትጽፋለች፤ ስትናገራቸው ግን አንድ ናቸው።

ባሏ የተወለደው ሀንጋሪ ነው፤ ለትምህርት መጥቶ እዚሁ የቀረ። እዚያ አገር አቲላ ማለት እንደ እኛ አበበ ነው አለችኝ። ሐኪሙም፣ የአውቶቡስ ሹፌሩም፣ ጎረቤቱም አቲላ ይባላል። የባሏ አያትም አቲላ ነበሩ። ስሙ የመጣው ከጥንት ድል አድራጊ ንጉሥ ነው።

«ንጉሡን አውቀዋለሁ» አልኳት።

«ሪሊ? ከየት?»

«ከትምህርት ቤት።»

ድምፄ ሌላ ነገር ነግሯት መሆን አለበት። ከዚያ በእንግሊዝኛና በአማርኛ እያደባለቀች የተናገረችው ይህን ነው፦ «ካልወደድሽው እንተወዋለን። እሱም ኦኬ ብሏል። ግን ምክንያቱን ንገሪኝ። አንቺ ሁልጊዜ አይሆንም ብለሽ ትዘጊዋለሽ፣ ለምን እንደማይሆን አትናገሪም። እስከ ቤቢ ሻወሩ አስቢበት።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ማድረቂያው ሥራውን ጨርሶ እስኪቆም ድረስ እዚያው ቆምኩ። ስሙን በአንድ ቃል ማስቀረት እችላለሁ። ቃሉን ለመናገር ግን ሌላ ብዙ ነገር መናገር አለብኝ።

እናቴ ጠላ ሻጭ ነበረች። ይህን ደብቄ አላውቅም፤ የጠየቀኝም የለም። ለልጄ አያትሽ ነጋዴ ነበሩ ብያታለሁ፤ ጠላ መሸጥም ንግድ ነው። ቤታችን ጉለሌ ነበር፤ በራችን ላይ በረጅም እንጨት የተደፋ ጣሳ ቆሟል። ጋኑ ሲያልቅ ታች የሚቀረውን አተላ ላም ያላቸው ሰዎች በባልዲ ይወስዱታል። የማለዳ ሥራዬ እሱን መቅዳት ስለነበር የትምህርት ቤት ልብሴ ቢታጠብም ቢተኮስም ይሸት ነበር። እንዲያውም ሲተኮስ ይብስበታል።

የተማርኩት የጣሊያን መነኮሳት በሚያስተምሩበት የሴቶች ትምህርት ቤት ነው። አንድ ጎረቤት መነኮሳቱን ለምነውልኝ ነው የገባሁት። ከኋላዬ የምትቀመጠው ልጅ ከትልቅ ቤት የመጣች ነበረች፤ ጠዋት አባቷ በመኪና ያወርዷታል። ይህችን ልጅ አንባቢ ይያዝልኝ፤ በኋላ የባለቤቴ እህት የሆነችው እሷ ናት።

አንድ ቀን የታሪክ አስተማሪያችን የሆነችው ሲስተር አንድ ካርታ ሰቀለችና ስለ አንድ ንጉሥ መናገር ጀመረች። ሁን የሚባሉ ሕዝቦች ንጉሥ ነው አለች፤ ገና እዚህ ላይ «ምን ሁን?» የሚል ሹክሹክታ ተሰማ። ፈረሱ የረገጠው መሬት ሣር አያበቅልም፣ እግዚአብሔር ክርስቲያኖችን ለመቅጣት ያነሣው ጅራፍ ነው፣ ሰዎች እሱን ሸሽተው ባሕር ውስጥ ከተማ ሠሩ፣ ወደ ሮም ሲገሰግስም ጳጳሱ ወጥተው በቃላቸው ብቻ መለሱት አለች። ሲስተሯ ይህን ስትናገር ጉንጯ ይቀላ ነበር፤ ትናንት የሆነ ነገር ነበር የሚመስለው። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ዞራ ስሙን ጻፈችና ጮክ ብላ አነበበችው።

ከኋላዬ አንድ ድምፅ በአማርኛ፣ ረጋ ብሎ፣ «እሰይ፣ አባቷን አገኘንላት» አለ።

አባት እንዳልነበረኝ ሁሉም ያውቃል። ሳቁ እንደ ጎርፍ ነው የመጣው። ሲስተሯ ዞር ስትል ያልሳቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እንግዲህ ያሳቅኩት እኔ ነኝ ብላ ደመደመች። ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ቆምኩ። ሲስተሯ ደግ ሰው ነበረች ብለው ዛሬም የሚያወሩላት ተማሪዎች አሉ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ግድግዳውን አስታውሳለሁ፤ ቀለሙ የተላጠበት ቦታ የጀበና ቅርፅ ነበረው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ አቲላ ሆነ። «አቲላ መጣ፣ ሣሩን ደብቁ» ይሉ ነበር። የፈለሰፈችው ያቺው ከኋላዬ የምትቀመጠው ልጅ ናት። ዓመታት አልፈው ወንድሟ ሊያገባኝ ሲጠይቅ ነገሩ የተረሳ መስሎኝ ነበር። በመልሱ ዕለት ሰው በተሰበሰበበት ወደ ወንድሟ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ እኔ እንድሰማ አድርጋ፣ «ከአቲላ ጋር ተዛመድን ማለት ነው» አለችው። እሱም ሳቀ። ባለቤቴ ከሞተ ቆይቷል፣ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያንን ሳቁን ግን እስከ ዛሬ ይዤበታለሁ።

እንግዲህ ልጄ ምክንያቱን ንገሪኝ ስትል ይህን ሁሉ ነው የጠየቀችኝ። ልነግራት አስቤ ስልኩን አነሣና አስቀምጠዋለሁ። ሌላ ምክንያት ባገኝ ብዬ ስለ ንጉሡ መጠያየቅ ጀመርኩ። ጨካኝ ነበር፣ ሕፃን በጨካኝ ስም አይጠራም፣ ብል ይበቃ ነበር።

በዚያን ጊዜ በሳምንት የተወሰኑ ቀናት አንዲት ጀርመን ተወላጅ አሮጊት እጦር ነበር። ጸጉራቸውን እያበጠርኩ ጠየቅኳቸው። ስሙን እንደሰሙ ፈገግ አሉ። በእነሱ ጥንታዊ ተረት ውስጥ ንጉሡ በሌላ ስም ይጠራል፤ የዋህ ሰው ነው፤ በሩ ክፍት፣ ማዕዱ ሰፊ፣ ከየአገሩ የተሰደደ ሁሉ የሚጠጋበት።

«ሰውስ አልፈጀም?» አልኳቸው።

«እሱ? በፍጹም። ሚስቱ ናት እንጂ። የተበደለችው ነገር ነበር። ቂሟን ለዓመታት ይዛ ቆይታ የገዛ ወንድሞቿን ግብዣ ጠራቻቸው። ሁሉም በዚያ አዳራሽ አለቁ። እሱ ምስኪን በመጨረሻ ቆሞ ያለቅስ ነበር።» ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ አዩኝና «ቀስ በይ፣ እየጎተትሽኝ ነው» አሉ።

አንዱ ሰው ጣሊያን ሲሻገር ሣር የማያበቅል ጅራፍ ነው፤ ጀርመን ሲደርስ እንግዳ የሚቀበል አልቃሻ። ግራ ገባኝ። አማቼን፣ የልጄን ባል፣ ልጠይቀው ብዬ አንድ እሑድ ለምሳ ሲመጡ አነሣሁበት። ልጁ ትሁት ነው፣ ይህን አልክድም። ሳህኑን ገፋ አድርጎ አብራራልኝ። ታሪክ ጸሐፊዎች ሀንጋሪዎች ከሁኖች ተወለዱ የሚለውን አይቀበሉም አለ። ሀንጋሪዎች ወደዚያ ምድር የመጡት ንጉሡ ከሞተ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

«ታዲያ ዘመዳችሁ ካልሆነ ስሙን ምን አደረጋችሁት?»

«ምናልባት ጎረቤቶቻችን ሁሉ ስለሚፈሩት ይሆናል» አለ። «ለረጅም ጊዜ ሌሎች ሲገዙን ኖርን። ያኔ አንድ ጊዜ እኛም ተፈርተን ነበር ማለት ሳያስደስት አይቀርም።» ከዚያ መልሶ ጠየቀኝ፤ በእናንተ አገር እንዲህ ያለ ሰው የለም ወይ አለ።

የለም ልለው ነበር። ግን ግራኝ አሕመድ ትዝ አለኝ። ከሰሜን የመጡ የእናቴ ደንበኞች የተሰነጠቀ ድንጋይ ሁሉ ግራኝ በሰይፉ የመታው ነው ይሉ ነበር፤ እኔም ልጅ ሆኜ ቤታችን ደጃፍ ያለውን የተሰነጠቀ ደረጃ ግራኝ የሰበረው ይመስለኝ ነበር። በዚያ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ከአንዲት ሶማሊያዊት ጎረቤቴ ጋር ትልልቅ አንሶላ ለማጠፍ እንተጋገዛለን። አንድ ቀን ስለ እሱ ሳነሣ «ኢማም አሕመድ? የኛ ጀግና ነው፣ ሐውልት አለው» አለችኝ። አንሶላውን በየጫፉ እንደያዝን ቆመን ተያየን። ከዚያ አጠፍነው።

ይህንን ለአማቼ አልነገርኩትም። ብነግረው የሱን ሐሳብ ማገዝ ነበር። በዚያ ላይ ልጄ እያየችኝ ነው፤ ምክንያቴን እየጠበቀች።

ሻወሩ፣ ያ ከወሊድ በፊት የሚደረገው ድግስ፣ የተዘጋጀው ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ አሌክሳንድሪያ፣ የባለቤቴ እህት ቤት ነው። ቤቷ ሰፊ ነው፤ ሰፊ መሆኑንም ሳትናገር የምታሳልፈው ሰው የለም። ለወሊዱ የመጡት የአማቼ እናትና እኔ ከኋላ ተቀመጥን፣ አማቼ ነዳ፤ ልጄ ቀድማ ሄዳለች። ሴትዮዋ በዕድሜ እኩያዬ ናቸው፤ እንግሊዝኛ ትንሽ ትንሽ ነው የሚሉት፣ የቀረውን ልጃቸው ያስተረጉማል። ቤልትዌዩ፣ ከተማውን የሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ፖቶማክን ወደሚሻገርበት ድልድይ ስንደርስ በመስኮቱ ወደ ውኃው እየጠቆሙ ረጅም ነገር ተናገሩ።

«ንጉሡ የተቀበረው በወንዝ ሥር ነው ትላለች» አለ ልጃቸው። «ወንዙን አቅጣጫ አስለውጠው፣ መሬቱን ቆፍረው፣ በሦስት ሣጥን ቀበሩት፤ ወርቅ፣ በብር ውስጥ፣ በብረት ውስጥ። ከዚያ ውኃውን መለሱበት። ቀባሪዎቹንም ቦታውን እንዳይናገሩ ገደሏቸው።»

«መቃብሩ ተገኘ?»

«አልተገኘም።»

«ካልተገኘ፣ ቀባሪዎቹም ከሞቱ፣ ሣጥኑ ሦስት መሆኑን ማን ነገራችሁ?»

አስተረጎመላቸው። ሴትዮዋ ጭኔን መታ አድርገው እስኪያነቡ ሳቁ። «ማንኛውም ሕፃን ያውቃል!» አሉ በእንግሊዝኛ። ልጃቸው ያው የታሪክ ጸሐፊዎቹን ነገር ማንሳት ሲጀምር ከኋላ ሆነው ትከሻውን በቦርሳቸው መቱት። የስሙን አጠራርም አስተማሩኝ፤ በ«አ» አይደለም፣ አፍ ሞላ ብሎ በ«ኦ» ይጀመራል፣ «ኦቲላ»። ደጋግሜ አልኩላቸው። ለጊዜው ነገሩ የተፈታ መሰለኝ፤ «ኦቲላ» ከአተላ በጣም ይርቃል። ግን ሲልቨር ስፕሪንግ ገበያ ውስጥ አፉን ሞልቶ «ኦ» የሚል ሐበሻ ከየት ይመጣል?

እንደደረስን የባለቤቴ እህት የሳምቡሳ ትሪ እንደያዘች ወደ ኩሽና ወሰደችኝና በሩን ገፋ አደረገችው።

«ስሚ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?»

«የትኛው?»

«አታውቂም እንዴ! ስሙ ነዋ። አተ... በይ አፌ አይለውም።»

«ድሮ ይለው ነበር» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ! ልጅ አልነበርን? እኔ አሁን የማወራሽ ስለ ወንድሜ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። የሱ የመጀመሪያ የልጅ ልጅ አተላ ሊባል ነው? እዚህ አገር ያለውን ሰው ምላስ አታውቂውም? ይስቁብናል እኮ።»

«ይስቁብናል?» አልኳት። «‹ብን› እነማን ነን?»

«ሁላችንም ነና! ቤተሰቡ። እኔን አትሰማኝም፣ አንቺን ግን ትሰማለች። እባክሽ አስቀይሪያት። ከፈለግሽ እግርሽ ላይ እወድቃለሁ።»

ሴትዮዋን አየኋት። ጸጉሯን ለድግሱ ተሠርታለች። እግሬ ላይ ለመውደቅ ተዘጋጅታለች፤ ይቅርታ የሚለው ቃል ግን በአጠገቧም አላለፈ። ከቤቴ ስወጣ ልጄን ለብቻዋ ጠርቼ ሁሉንም ልነግራት፣ ጠላውንም ግድግዳውንም፣ ስሙንም ላስቀር ቆርጬ ነበር። አሁን ያንን ባደርግ ይህችን ሴት ነው የምታዘዘው። የጀርመኗ አሮጊት የነገሩኝ ሚስት ትዝ አለችኝ፤ ግን ሳምቡሳው እየቀዘቀዘ ነበርና አላሰብኩበትም።

በሩ ተከፈተና የአማቼ እናት ውኃ ፈልገው ገቡ። በወሬያችን መሃል ስሙን ሰምተዋል። «አቲላ?» አሉ፤ አንዴ እሷን አንዴ እኔን እያዩ።

የባለቤቴ እህት ደነገጠች። ሰው ፊት ስትደነግጥ እንግሊዝኛዋ ይፈጥናል። «ምንም አይደለም፣ የድሮ ነገር ነው፤ ትምህርት ቤት ሳለን እሷን አቲላ እያልን እንጠራት ነበር» አለች። ምን እንዳለች የገባት ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

ሴትዮዋ ብርጭቆውን አስቀመጡ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ሁለቱን እጆቼን ያዙና «አንቺን? አቲላ?» አሉ፤ ከዚያ እጄን ሳይለቁ ወደ ሳሎን ጎተቱኝ። ልጃቸውን ጠርተው በቋንቋቸው ያወርዱት ጀመር። እሱ ለልጄ፣ ልጄ ለጓደኞቿ አስተላለፈችው። ወሬው ኬኩ ጋ ሲደርስ እኔ በትምህርት ቤቴ የምፈራ፣ አንገቴን የማልደፋ፣ መምህራን ሳይቀሩ በድል አድራጊ ስም የሚጠሩኝ ልጅ ነበርኩ።

«ኦ ማይ ጋድ፣ ማሚ!» አለች ልጄ፤ ሆዷን ይዛ እየሳቀች። «ለምን አልነገርሽኝም? ለዚህ ነው ስሙን ስነግርሽ ድምፅሽ የተቀየረው? ሼም ይዞሽ ነው?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ?» አልኩ። ውሸት አልተናገርኩም።

«ሶ፣ የስ ኦር ኖ? አሁን አናውንስ ልናደርግ ነው።»

የባለቤቴ እህት ከኩሽናው በር ላይ ቆማለች፤ ትሪው አሁንም እጇ ላይ ነው። ራሷን በትንሹ ወዘወዘችልኝ፣ አይሆንም በያት ለማለት። ያንን ራስ ከኋላዬ ሆኖ ለዓመታት ሲወዛወዝ አላየሁትም፤ ድምፁን ብቻ ነው የማውቀው። ፊት ለፊት ሳየው ያረጀ የሰው ራስ ነው።

«ጥሩ ስም ነው» አልኩ፤ በአማርኛ፣ ሁሉም ሐበሻ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «አቲላ ይባል።»

አንዳንድ ሴቶች ተያዩ። አንዷ ኬኳን እየበላች ሳል ያዛት። የአማቼ እናት አጨበጨቡ።

ወደ ቤት ስንመለስ አሸነፍኩ ወይስ ተሸነፍኩ ብዬ አሰብኩ። ልጄ ምክንያቴን እንድነግራት ጠይቃ ነበር፤ የማይመስል ምክንያት ተሰጣትና ተደሰተችበት። እኔ ደግሞ የማልፈልገውን ስም፣ አንዲት ሴት ስላልፈለገችው ብቻ፣ ፈለግኩት። ያ ንጉሥ በየአገሩ እንዲህ ነው እንዴ የኖረው? ሰዎች የሚወዱት ጎረቤታቸው ስለሚጠላው ነው?

ልጁ ተወለደ። ጸጉራም ነው፣ ድምፁም ይሰማል። የባለቤቴ እህት ልትጠይቅ ስትመጣ ሕፃኑን ታቅፌ አጠገቧ ቁጭ አልኩ፤ እንዴት እንደምትጠራው ለመስማት። መጀመሪያ «ማሙሽ» አለችው። «ማን አልሽው?» ብዬ ጠየቅኳት። አፏን ሞላ አድርጋ፣ እንደ ሀንጋሪዎቹ፣ «ኦቲላ» አለች። ከሐበሻ ሁሉ በትክክል የምትጠራው እሷ ብቻ ናት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ትንሽም ብሎኛል።

ያኔ ሕፃኑ አለቀሰ። ልጄ ከእቅፌ ወሰደችው፣ ትከሻዋ ላይ አደረገችውና በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ እያወዛወዘች ታባብለው ጀመር። «እሽሽ፣ የኔ አተላ። የኔ ቆንጆ አተላ። አተላዬ።»

የባለቤቴ እህት ወደ መስኮቱ ዞረች። እኔ ላርማት አፌን ከፈትኩ፤ «ቲ» በይ፣ በሣልሱ፣ ልላት። ያንን ቃል ማንም ሰው በዚህ ድምፅ ሲለው ሰምቼ አላውቅም። ሕፃኑ ዝም አለ። እኔም አፌን ዘጋሁ፤ ምን ልል እንደነበር ጠፋኝ።